የብረት ሠሪው ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚል አባባል አለን። ስለ መጠሪያ ስም የተነገረ እንደ ሆነ እንቀበለዋለን፤ በሌላው ዓለም «የቤተሰብ ስም» የሚባለውን ግን በብዙ አገር ያወጣው መልአክ ሳይሆን ግብር ሰብሳቢ ነው። ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ወደ መንደሩ በገባ ጊዜ ዮሐንስ የሚባሉ ዐራት ሰዎች ቢያገኝ፣ ማን ከፍሎ ማን እንዳልከፈለ ለመለየት ሲል አንዱን በወፍጮው፣ አንዱን በሚኖርበት ኰረብታ፣ አንዱን በአባቱ ስም፣ ዐራተኛውን በመዶሻው መዘገበው። ሰውየው ሞተ፤ መዶሻውም ዛገ፤ ጽሕፈቱ ግን ለልጅ ልጆቹ ቀረ።

በእኛ ዘንድ ልማዱ ሌላ መሆኑን አንባቢ ያውቀዋል። ሰው በገዛ ስሙና በአባቱ ስም ይጠራል፤ ልጁም በተራው የርሱን ስም ያስከትላል። የአያት ስም የሚጨመረው ሲያስፈልግ ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉት የሚታወሱት ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቈጠር ነው። ሴትም ባል ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። በዚህ ምክንያት የቤተሰብ ስም ያለውን የውጭ አገር ሰው ስንመለከት ከኋላው አንድ ረጅም ሰልፍ የሚከተለው ይመስለናል፤ ስሙም ክብርንና ውርደትን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሻግር ድልድይ መስሎ ይታየናል። ለመሆኑ ነገሩ እንዲህ ነውን? ሰው ከአባቱ ስም ጋራ ምን ይወርሳል? ደግሞስ የቤተሰብ ስም የሌለን እኛ ከዚህ ውርስ ነጻ ነንን? ይህን ለመመርመር ከስሞች ሁሉ አንዱን መርጠናል፤ እርሱም በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ እጅግ የበዛው «ስሚዝ» የተባለው ነው። ዓመታቱን፣ ለይተን ካልተናገርን በቀር፣ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

ስሚዝ ማለት ብረት ሠሪ፣ በግልጽ አነጋገር ቀጥቃጭ ማለት ነው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ባሉት ሦስት ዐራት መቶ ዓመታት ውስጥ የቤተሰብ ስም ቀስ በቀስ በአገሩ ሁሉ ጸና። በመጀመሪያ ስሙ ከሥራው ጋራ የተያያዘ ነበረ፤ የቀጥቃጩ ልጅ ዳቦ ጋጋሪ ቢሆን፣ ዳቦ ጋጋሪው እየተባለ መጠራት ይችል ነበር። በኋላ ግን ስሙ ከሥራው ተላቀቀ፤ በሕይወቱ ወናፍ ነፍቶ የማያውቅ የልጅ ልጅ፣ ገበሬም ሆነ ነጋዴ፣ ቀጥቃጭ እየተባለ ኖረ። ማረሻ የሚያበጅና የፈረስ ኮቴ ብረት የሚመታ ሰው የማያስፈልገው መንደር ስላልነበረ ስሙ እንደ አሸዋ በዛ። በ2010 በተደረገው ቈጠራ በአሜሪካ ብቻ ከ2,400,000 የሚበልጥ ሕዝብ በዚህ ስም ተመዝግቦ ተገኝቷል። ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ብንሻገርም ያው ቀጥቃጭ ቆሞ ይጠብቀናል፤ ጀርመኑ ሽሚት፣ ሀንጋሪው ኮቫች፣ ፖላንዱ ኮቫልስኪ፣ ሩሲያው ኩዝኔትሶቭ፣ ፈረንሳዩ ለፌቭር፣ ኢጣሊያኑ ፌራሪ፣ ዐረቡ ሐዳድ ይለዋል። በኤንዞ ፌራሪ ስም የሚጠራው ቀይ መኪና በመንገድ ሲያልፍ ቆሞ የሚያይ ጐልማሳ፣ የቀጥቃጭን ስም እያደነቀ መሆኑን ከቶ አያስበውም።

ከስሚዞች ሁሉ ስመ ጥሩው አዳም ስሚዝ ነው። በ1723 በስኮትላንድ፣ ከርካልዲ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ የጉምሩክ ሹም ነበረ፤ ልጁ ሳይወለድም ሞተ። እንግዲህ በቤቱ መዶሻ አልነበረም ማለት ነው። ሆኖም ስለ አሕዛብ ሀብት በ1776 ያሳተመውን ታላቅ መጽሐፍ የከፈተ ሰው ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ቀጥቃጭን ያገኛል። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ስለ ስፒል ሠሪዎች የተናገረውን ነው፤ ዐሥር ሰዎች ሥራውን ተከፋፍለው በአንድ ቀን 48,000 ስፒል ይሠራሉ የሚለውን። በአጠገቡ ያለውን የምስማሩን ነገር ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው። ምስማር መሥራት ያልለመደ ቀጥቃጭ በቀን ከ200 ወይም ከ300 የማይበልጥ፣ ያውም መጥፎ ምስማር ይሠራል፤ ሥራውን የለመደ ነገር ግን ዋና መተዳደሪያው ያላደረገ ሰው ከ800 ወይም ከ1,000 እምብዛም አያልፍም፤ ከምስማር በቀር ሌላ ነገር ሠርተው የማያውቁ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ግን እያንዳንዳቸው በቀን ከ2,300 በላይ ሲሠሩ ደራሲው በዓይኑ ማየቱን ይናገራል።

ይህ የሒሳብ ነገር ብቻ ይመስላል። ነገር ግን መዶሻውም እሳቱም አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ያመጣው ልምድ ነው እንጂ ዘር አይደለም፤ ከሒሳቡ በስተጀርባ ያለው አሳብ ይህ ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍም ደራሲው አሳቡን ገልጦ ያወጣዋል። በፈላስፋና በመንገድ ላይ በሚሠራ ተሸካሚ መካከል ያለው ልዩነት ከተፈጥሮ ይልቅ ከልማድና ከትምህርት የመጣ ነው ይላል፤ ሁለቱ በስድስትና በስምንት ዓመታቸው ሳሉ ወላጆቻቸውና የጨዋታ ጓደኞቻቸው እንኳ ያን ያህል ልዩነት አላዩባቸውም፤ በኋላ ሥራቸው ሲለያይ ግን የፈላስፋው ትዕቢት ምንም መመሳሰል አለ ብሎ ለማመን እምቢ ይላል። እኛ ይህን ስናነብ ቆም ማለታችን አልቀረም። የቀጥቃጭን ስም የተሸከመ ፈላስፋ ስለ ፈላስፋ ትዕቢት ይመሰክራልና። ምናልባት ይህን ሲጽፍ የገዛ ስሙ ትርጕም ትዝ አላለው ይሆናል፤ ሰው የራሱን ስም ሌሎች እንደሚሰሙት አድርጎ አይሰማውም።

ሁለተኛው ስሚዝ ግን መዶሻውን በጆሮው እየሰማ ያደገ ነው። ዊልያም ስሚዝ በ1769 በኦክስፎርድ አውራጃ፣ ቸርችል በምትባል መንደር ተወለደ፤ አባቱ የመንደሩ ቀጥቃጭ ነበረ። ስምና ሥራ ከተለያዩ ብዙ መቶ ዓመት ካለፋቸው በኋላ በዚህ ቤት ሁለቱ አንድ ላይ ይኖሩ ነበር ማለት ነው። ልጁ ስምንት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ፤ ገበሬው አጎቱ አሳደገው። ከፍ ያለ ትምህርት ቤት አልገባም፤ የመሬት ቅየሳ ተምሮ በሰመርሴት ከድንጋይ ከሰል ጕድጓዶችና ለጀልባ ማመላለሻ ከሚቈፈረው ቦይ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያም ምድሪቱ እንደ ተደራረበ ጋቢ በንብርብር የተሠራች መሆኗን፣ ንብርብሩም ቅደም ተከተሉን የማይለውጥ መሆኑን፣ ይልቁንም እያንዳንዱ ንብርብር በውስጡ ተቀብረው ወደ ድንጋይነት በተለወጡ የጥንት እንስሳት ቅሪት ተለይቶ ሊታወቅ እንደሚችል አስተዋለ። ከዚህ በኋላ ለብዙ ዓመታት አገሩን በእግሩና በሠረገላ እየዞረ፣ የራሱን ገንዘብ እየጨረሰ፣ በ1815 የእንግሊዝንና የዌልስን ምድር ንብርብር በቀለም ለይቶ የሚያሳይ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ታላቅ ካርታ አሳተመ። አንድን አገር በሙሉ እንዲህ ከውስጥ አድርጎ ያሳየ ካርታ ከዚያ በፊት አልነበረም።

በዚያን ጊዜ በሎንዶን በ1807 የተመሠረተ የሥነ ምድር ማኅበር ነበረ። የማኅበሩ ሰዎች በአብዛኛው ሀብትና ዕረፍት ያላቸው መኳንንትና ባለጸጎች ነበሩ፤ ድንጋይ መሰብሰብ ለእነርሱ የጨዋ ሰው መዝናኛ ነበረ፤ ለእንጀራው ብሎ ምድር የሚቈፍረውን ሰው ከመካከላቸው አላስገቡትም። ይባስ ብለው በፕሬዚዳንታቸው በግሪኖ አማካይነት ሌላ ካርታ አዘጋጅተው በ1820 አወጡ፤ የዊልያም ስሚዝ ካርታ ገበያውን አጣ። እርሱ ራሱ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1819 በዕዳ ተይዞ ወኅኒ ወርዶ ነበረ። ሲፈታም ሎንዶንን ትቶ ወደ ሰሜን ሄደ። በ1831 ያው ማኅበር፣ ሰዎቹ ተለውጠው፣ የመጀመሪያውን የዎላስተን ሜዳይ ሰጠው፤ ፕሬዚዳንቱ ሴጅዊክም የእንግሊዝ ሥነ ምድር አባት ብሎ ጠራው። ዕድሜው ስድሳ አልፎ ነበር።

ስለዚህ ሰው ጥቂት የዘገየነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌሎቹን ስሚዞች በዐጭሩ እናልፋቸዋለን። ቤሲ ስሚዝ በ1894 በቴኔሲ የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ዘፋኝ ነበረች፤ በ1923 ያስቀረጸችው የመጀመሪያ ሸክላ በመቶ ሺሕ እየተቈጠረ ተሸጠ፤ በ1937 በመኪና አደጋ ሞታ ስትቀበር ግን በመቃብሯ ላይ ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ እንኳ አልቆመም፤ ድንጋዩ የቆመላት ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ1970 ነው። ቶሚ ስሚዝ በ1968 በሜክሲኮው ኦሊምፒክ ሁለት መቶ ሜትርን በ19.83 ሴኮንድ ሮጦ ካሸነፈ በኋላ በሽልማቱ ሰገነት ላይ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ስለ ወገኖቹ በደል በዝምታ ተናገረ፤ ከውድድሩ ሰፈርም ተባረረ። የእኛ ማሞ ወልዴ በማራቶን ያሸነፈው በዚሁ ውድድር ነበረ። በሳይንስም በኩል ሐሚልተን ስሚዝ በ1978፣ ማይክል ስሚዝ በ1993፣ ቨርነን ስሚዝ በ2002፣ ጆርጅ ስሚዝ የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ሰዎችም በ2009ና በ2018 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ደግሞም ኢያን ስሚዝ አለ፤ በ1965 በሮዴዝያ ጥቂት ነጮች ብዙውን ሕዝብ እንደ ረገጡ እንዲኖሩ ሲል ነጻ መንግሥት ነን ብሎ ያወጀው። የቶሚ ስሚዝ እጅ ሲነሣ የኢያን ስሚዝ መንግሥት ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሁለቱም ቀጥቃጭ ይባላሉ።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ ተነሥቶ፣ «እንግዲህ ስም ባዶ ስልቻ ነው፤ ያሻውን ሁሉ ይሸከማል፤ ስለ ምን ትደክማላችሁ?» ሊለን ይችላል። እውነት አለው። ከነዚህ ሰዎች አብዛኛዎቹ ዝምድና እንኳ የላቸውም። ለቤሲ ስሚዝና ለቶሚ ስሚዝ ወገኖች ደግሞ ስሙ ከአባት የወረደ ላይሆን ይችላል፤ በባርነት የተጋዙት አፍሪካውያን የገዛ ስማቸውን ተነጥቀዋልና፣ ነጻ ሲወጡ ብዙዎቹ የጌቶቻቸውን ወይም በአካባቢው የሚሰማውን ስም ይዘው ተመዝግበዋል። ፍራንሲስ ጋልተን የተባለው እንግሊዛዊ በ1869 ባሳተመው መጽሐፍ ታላላቅ ሰዎች ከታላላቅ ቤተሰቦች እንደሚወጡ፣ ሊቅነትም እንደ ዓይን ቀለም በዘር እንደሚወርድ ለማስረዳት ደክሞ ነበር። የሚቈጥራቸውን ሰዎች የመረጠው ስማቸው አስቀድሞ ከታወቀው ቤት ነበረና፣ በሩ ለማን እንደ ተከፈተና በማን ላይ እንደ ተዘጋ አልጠየቀም። የቸርችሉ ቀጥቃጭ ልጅ በዚያ በር ላይ ስንት ዓመት እንደ ቆመ አይተናል።

እኛ ግን ነገሩ በባዶ ስልቻ አያልቅም እንላለን። ስሚዝ የሚለው ስም ስለ ምን እንዲህ ቀለለ? ስለ ምን ፈላስፋውም ዘፋኙም ሚኒስትሩም ያለ ኀፍረት ይሸከመዋል? ተሸካሚው ስለ በዛ መዶሻው መሰማቱን ስላቆመ ነው። ሰው ሁሉ ቀጥቃጭ ከተባለ ቀጥቃጭ መባል ምንም አይነካምና። ይህ መልካም ነገር ይመስላል፤ በርግጥም ከብዙው ነገር ይሻላል። ነገር ግን የዊልያም ስሚዝን ታሪክ ደግመን ብናየው ሌላ ነገር ይገለጥልናል። በርሱ ዘመን ስሙ ከታጠበ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አዳም ስሚዝ ከሞተ እንኳ ሃያ አምስት ዓመት አልፎ ነበር፤ በዚያ ማኅበር በር ላይ ስሚዝ በመባሉ የናቀው ማንም የለም። የተናቀው ስሙ ሳይሆን እጁ ነው። ለካስ ስምን ማጠብና ሰውን ማክበር ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። ስሙ በመረሳት ከበረ፤ ብረት ሠሪው ግን ከስሙ ክብር አልተካፈለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የቤተሰብ ስም የለንም እንላለን፤ አባባላችን ለብዙው ሰው እውነት ነው። ለቀጥቃጭ ልጅ ግን ሰጥተነው ኖረናል። መዝገብ ላይ አልጻፍነውም፤ ሹም አላጸደቀውም፤ ነገር ግን ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሳይዛነፍ ሲወርድ የኖረ የቤተሰብ ስም በአገራችን ቢኖር እርሱ ነው። ገበሬው ማረሻውና ማጭዱ የሚሠራለት፣ ምሳሩ የሚሳልለት በዚሁ ሰው እጅ ሆኖ ሳለ፣ ዋጋውን እህል ሰፍሮ ከሰጠው በኋላ ከቤቱ ገብቶ እንጀራ አይቈርስም ነበር። ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ በዓይኑ ሰው ይበላል፤ ቡዳ ነው ይባል ነበር። ልጁ ሥራውን ቢተውም፣ ቢማርም፣ ቢነግድም፣ ለጋብቻ አጥንት ሲቈጠር ያ ያልተጻፈ ስም ከሁሉ በፊት ይጠራል። የእንግሊዙ ስም ከሥራው ተላቆ ቀለለ፤ የእኛው ከሥራው ተላቆ እንኳ ክብደቱ አልቀነሰም።

ይህን ስንጽፍ ከራሳችን ትዝታ እንጀምር ዘንድ ግድ ይለናል። በልጅነታችን አብሮን በአንድ አግዳሚ ወንበር የተማረ ጓደኛ ነበረን። አባቱ ከገበያው ዳር፣ ከዋርካው በታች፣ መስፋቸውን ተክለው፣ ጉጠታቸውን ይዘው የሚውሉ ብረት ሠሪ ነበሩ። እኛ ዛሬ «ነበሩ» እንላለን፤ በዚያን ጊዜ ግን ሽማግሌ ሆነው ሳለ ልጅ እግሩ ሁሉ «አንተ» ይላቸው ነበር እንጂ «እርስዎ» የሚላቸው አልሰማንም። አንድ ቀን መምህሩ የእያንዳንዱን ልጅ አባት ሥራ ሲጠይቅ ጓደኛችን ቆሞ «ገበሬ» አለ። ከኋላ አንዱ ልጅ አፉን በእጁ ሸፍኖ እውነተኛውን ተናገረ፤ ክፍሉ ሁሉ ሣቀ፤ ከዚያን ቀን ወዲያ ብዙዎቹ በክርስትና ስሙም በአባቱ ስምም አልጠሩትም። እኛ አልሣቅንም፤ ይህን ብቻ ይዘን ብዙ ዘመን ራሳችንን ስናመሰግን ኖረናል። በምሳ ሰዓት ግን እርሱ ከእኛ አገልግል ይበላል እንጂ እኛ ከርሱ አንቈርስም ነበር። ማንም አልከለከለንም፤ እርሱም ብሉ ብሎ አልጠየቀንም።

ስድቡ ክፉ መሆኑ ከተነገረ ቆይቷል። ዳግማዊ ምኒልክ በእኛ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ፣ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሥራው እየጠሩ መስደብ እንዲቀር አዘዋል፤ የሰው ዘር ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን መውረዱን አስታውሰው፣ ሠራተኛውን የሚሰድብ እርሳቸውን እንደ ሰደበ እንደሚቈጠር ተናግረዋል። ከርሳቸው በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የውጭ አገር ባለ እጆችን ሰብስበው፣ በ1867 ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ሲያሠሩ፣ የብረት ሥራ የመንግሥት አከርካሪ መሆኑን አውቀው ነበር። ነገር ግን ዐዋጅ ምላስን ሊገታ ይችላል፤ እጅን ወደ መሶብ አያደርስም። አንዳንዱም ቃሉን በመለወጥ የሚድን መስሎት «ቀጥቃጭ» የሚለውን ትቶ «ባለ እጅ» አለ። ባለ እጅ ማለት እንዴት ያለ ያማረ ቃል ነበር! ጥቂት ሳይቆይ ያንኑ ስድብ ተሸከመ። ጨርቁን መለወጥ ቍስሉን አያድነውም ይሉ የለም?

ከባለ እጆቻችን መካከል የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ዕድል በተለይ ያሳስበናል። ርስት ስለ ተከለከሉ ከመካከላቸው ብዙዎቹ በብረት፣ በሸክላና በሸማ ሥራ ይኖሩ ነበር፤ የቡዳውም ሐሜት ከሁሉ ይልቅ በእነርሱ ላይ ይወርድ ነበር። በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991ም ከዐሥራ ዐራት ሺሕ የሚበልጡት በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ገቡ። በዚያም እንደ ደረሱ የቤተሰብ ስም ይኑራችሁ ተባሉና በአብዛኛው የአባታቸው ወይም የአያታቸው ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ። በእስራኤል ከሰሜን አፍሪካና ከዐረብ አገሮች የመጡ፣ ሐዳድ የሚባሉ ብዙ ቤተሰቦች አሉ፤ ሐዳድ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ቀደም ብለን ተናግረናል። ከጎንደር የመጣው የብረት ሠሪ ልጅና ሐዳድ የተባለው ልጅ በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ አያቱ በዚህ ስም እየተሰደበ ያደገውና ስሙን በደብተሩ ላይ በኵራት የሚጽፈው ተገናኙ ማለት ነው። በዚያ አገር እነዚህን ልጆች ሌላ ዐይነት ንቀት እንደ ጠበቃቸው እናውቃለን፤ እርሱም በስም ሳይሆን በመልክ የሚመጣ ነው። ነገር ግን የዛሬው ጕዳያችን ስለ ስም ነውና እዚህ ላይ እንተወው።

ያ የልጅነት ጓደኛችንም ከአገር ወጣ። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አሜሪካ የምንሄድበት ምክንያት አጋጠመንና አድራሻውን ጠይቀን ቤቱ ሄድን። መድኃኒት ቀማሚ ሆኗል፤ ሚስት አግብቶ ሦስት ልጆች ወልዷል። በበሩ አጠገብ ባለው የፖስታ ሣጥን ላይ የተጻፈውን ስም ስናነብ ደንግጠን ቆምን፤ የአባቱ ስም ነበረ። በዚያ አገር ሕግ የአባቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቦ፣ ሚስቱም ልጆቹም በርሱ ይጠራሉ። በገበያው ዳር «አንተ» ሲባሉ የኖሩት ሽማግሌ ስም በልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ቤት መዝገብ፣ በባንክ ወረቀት፣ በሐኪም ቤት ካርድ ላይ ተጽፏል፤ እንግዲህ ለልጅ ልጅ ልጅም ይተላለፋል።

ምሳ ቀረበ፤ ከአንድ መሶብ በላን። ስለዚያ ምሳ ሌላ የምንጽፈው የለንም።

ቡናው ሲፈላ ታናሹ ልጁ፣ የዐሥር ዓመት ልጅ ይሆናል፣ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ነበር። መምህርቱ የቤተሰብ ስማቸውን ትርጕም ከወላጆቻቸው ጠይቀው እንዲመጡ አዛቸው ኖሮ አባቱን ጠየቀው። ጓደኛችን ስሙ የአያቱ መሆኑን፣ አያቱም ብረት ሠሪ እንደ ነበሩ፣ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ እንደ ነበር ነገረው። ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ልጁ ጥቂት አሰበና ሣቀ፤ «ታዲያ ስሚዝ ነና! በክፍላችን ሦስት ስሚዝ አሉ» አለ። ቀጥሎም፣ «አያቴ እዚያ አገር ምን ብለው ይጠሯቸው ነበር?» ሲል ጠየቀ።

ጓደኛችን ስኒውን አስቀመጠ። «ጋሼን ጠይቃቸው» አለው፤ «አብረን ነው የተማርነው።»

ልጁ ወደ እኛ ዞረ። ቡናው ገና አቦል ነበረ።